ሁለት ሰው የሚያነሳው ጣሪያ

የአባታችን መኪና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ተፈትቶ የሚነሳ አሮጌ ናት። ዝናብ ሲገባ ጣሪያው ይገጠማል፣ ሰማዩ ሲጠራ ይነሳል። ከባድና ሰፊ ስለሆነ፣ የኋላ መስታወቱም አብሮት ስለሚነሳ፣ አንድ ሰው አይችለውም። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይቆማል። አባታችን መካኒክ ነበር፤ በየልጅነታችን ያስተማረን ደንብ አንድ ብቻ ነው። አንደኛው «ያዝክ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው «ያዝኩ» ሳይል ማንም አያነሳም።

መኪናዋ የደረሰችው ለታናሽ ወንድሜ ለጥርስ ሐኪሙ ነው። በዚህ ቅር አልተሰኘሁም። ያንገበገበኝ፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት የሚፈልገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለዚሁ ጣሪያ ብቻ መሆኑ ነው። ይደውልና «ቅዳሜ ይመችዎታል?» ይለኛል። ድሮ «ወንድም ጋሼ» ነበርኩ። ትከሻዬ ላይ ያደገ ልጅ ዛሬ እንደ ባንክ ሠራተኛ አንቱ ይለኛል። ስድብ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር፤ አክብሮትን ግን በምን ይመልሱታል?

ምክንያቱን ልናገር፤ ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አባታችን ታሞ የሞተው፣ ወንድሜ ሌላ ከተማ ሆኖ የመጨረሻውን ፈተና ሊፈተን አራት ቀን ሲቀረው ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ፈተና ያመለጠው ልጅ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ቤተሰቡን ሰብስቤ «ትንፍሽ እንዳትሉ» አልኩ። ከቀብር ተመልሰን ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ።

«አባባን አገናኘኝ እስቲ፣ ድምፁን ልስማ» አለኝ።

«ተኝቷል» አልኩት።

በማግስቱም ደወለ፣ አሁንም «ተኝቷል» አልኩት። ፈተናውን አንደኛ ወጥቶ አለፈ። ለአባታችን መኪና ሲነዳ የሚያደርገው የቆዳ ጓንት ገዝቶ፣ እየሳቀ መጣ። በሩ ላይ ጥቁር ለብሼ ሲያየኝ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ጓንቱን እጄ ላይ አስቀምጦ አልፎኝ ገባ። ያኔ «ለአንተ ብዬ ነው» አልኩት። «ይቅር በለኝ» አላልኩትም፤ ምን አጥፍቼ ነው ብዬ። አንደኛ ወጣ አይደል እንዴ?

ዛሬ ጠዋት ስወጣ ባለቤቴ የኮቴን አንገት እያስተካከለች፣ «ዛሬ እንኳ በለው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እሱን አንተ ታውቀዋለህ። አንዲት ቃል ጥርስህን አታረግፈውም፤ ብታረግፈውም ወንድምህ ሐኪም ነው።»

ስቄ ወጣሁ። ግን ልቤ ቆርጦ ነበር። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ «ወንድም ጋሼ» የሚለኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱን ሳላስመልስ መሞት አልፈለግኩም። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳጠና ሄድኩ፤ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር።

የጋራዡ በር ተከፍቷል። ወለሉ ተጠርጓል፣ መኪናዋ መሃል ቆማለች፣ የብሎን ማስቀመጫው የወተት ጣሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሁልጊዜ ጣሪያውን ለማሳረፍ ግድግዳው ሥር የምናነጥፈው አሮጌ ፍራሽ ግን አልነበረም።

«ደህና አደሩ?» አለኝ። «መፍቻውን ይዘውታል?»

የአባታችን መፍቻ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። ለምን እንደያዝኩት አልደብቅም። ያለ መፍቻው እነዚያ ብሎኖች አይፈቱም፣ መፍቻውም ያለ እኔ አይመጣም። ከኪሴ አወጣሁና ሥራ ጀመርን። እሱ የፊት መስታወቱ ላይ ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች ከፈተ፣ የኋላ መስታወቱን ማሞቂያ ሽቦ ነቀለ። እኔ ከወንበሮቹ ኋላ ያሉትን ብሎኖች እየፈታሁ ጣሳው ውስጥ ጣልኳቸው። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ በግራ በኩል ቦታዬን ያዝኩ።

እሱ በቀኝ አልቆመም። ከመደርደሪያው ሁለት ሰፋፊ ጠፍሮች አምጥቶ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ በጣሪያው ሥር አሳለፈ። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ አዲስ ማሽን ተሰቅሏል፤ ብረት ገመድና መንጠቆ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማንሻ። ጠፍሮቹን መንጠቆው ላይ አንጠለጠለና ከግድግዳው በሽቦ የወረደውን የማሽኑን ቁልፍ ያዘ።

«ከእንግዲህ እርስዎ አይለፉም» አለኝ። «መፍቻውን ትተውልኝ ይሂዱ።»

በሽተኛውን ጨርሶ «ቀጣይ» የሚል ነው የመሰለኝ። ቁልፉን ተጫነ፤ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ጠፍሮቹ ተወጠሩ፣ ጣሪያው ከመኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ጠፋኝ።

«ስማኝ» አልኩ። «የዚያን ጊዜውን… እኔ ለአንተ ብዬ ነው። ግን ይቅር በለኝ።»

ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ጣሪያው ባለበት ቆመ።

«ዛሬ?» አለኝ። «ማሽኑን ካየህ በኋላ?»

ቁልፉን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ጎረቤቴ አናጢ ነው፣ ግንድ የሚያክሉ ሁለት ወንድሞች አሉት። ጣሪያ የሚያነሳልኝ አጥቼ ነው አንተን ከከተማው ማዶ የማስመጣህ? አሥራ ሁለት ጊዜ አብረን ይዘነዋል። ‹ያዝክ?› ባልከኝ ቁጥር፣ አሁን ይለኛል እያልኩ ጠብቄሃለሁ። አቅፌህ ላለቅስ ተዘጋጅቼ የጠበቅኩበትም ጊዜ ነበር። አምና ዝናብ ሲገባ ገጥመን ጨረስን፣ እጅህን ታጠብክ፣ ስለ ጡረታህ አወራኸኝና ሄድክ። በማግስቱ ማሽኑን አዘዝኩ።»

በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለኝ። ደስ ሊለኝ የሚገባው ነገር ነበር። እኔ እሱ ቂሙን እስኪጨርስ ስጠብቅ፣ እሱ እኔ አንዲት ቃል እስክተነፍስ ሲጠብቅ፣ ስድስት ዓመት ሄደ። ሠላሳ ዓመት ለሰው ልጅ ሂሳብ አስተምሬ የራሴን መደመር አቃተኝ። ተናደድኩ፤ በእሱ መናደድ ብችል እንዴት በቀለለኝ።

«አሁን ብያለሁ እኮ» አልኩ። ድምፄ የልመና ሆነብኝ።

«ብለዋል» አለኝ። «ሰምቻለሁ።»

አንቱታው ተመለሰ። መፍቻውን ከብሎኖቹ ጋር ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። እሱ ቁልፉን ተጫነ፣ ጣሪያው ተነሳ፣ ወደ ግራ ትንሽ ተወዛወዘ። እጆቼ ከእኔ ቀድመው ጠርዙን ጨበጡት።

«ያዝክ?» አልኩ፣ ሳላስበው።

ዞሮ አላየኝም፤ ዓይኑ ገመዱ ላይ ነበር።

«ይልቀቁት» አለኝ። «ማሽኑ ይዞታል።»