አሮጌ ፎልደር ውስጥ የገባው አዲሱ እትም

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጎተራው» ይሉታል፤ ምንም ነገር አይጥልማ። ድርጅቱ ለቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ይሠራል፤ የእሱ ድርሻ ከድረ ገጹ የሚወርዱትን የሶፍትዌሩን እትሞች በየፎልደሩ ማደራጀት ነው። አዲሱን «አዲስ» ውስጥ፣ ያለፈበትን «አሮጌ» ውስጥ። ክፍሉ ከደረጃው ሥር ናት፤ ከመጥበቧ የተነሳ ሐሳቡን ለመቀየር እንኳ መጀመሪያ በሩን መክፈት አለበት። ሰው የሚያንኳኳው በዓመት ሁለቴ ነው፤ አንደኛው መጸዳጃ ቤት መስሎት።

ይህን ለእህቱ አይነግራትም። ዛሬ ስንት ሰው አወረደ ብላ በስልክ ስትጠይቀው፣ ከአውራጁ ብዛት ገመዱ ግሎ ሻይ አፈላሁበት ይላታል። እሷ ደግሞ የዋዛ አይደለችም።

«ወንድምዬ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንዱ እንኳ እሁድ ምሳ አይጠራህም?» ትለዋለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት «አሮጌ»ን ሲያጸዳ ዓይኑ አንድ ነጥብ አስር ላይ ወደቀ። የመጨረሻው፣ ከሁሉም አዲሱ እትም እዚያ ተጋድሟል። ነገሩ ወዲያው ገባው። ኮምፒውተሩ ሲደረድር የሚያየው ከነጥቡ በኋላ ያለውን የፊት አሃዝ ነው፤ አስር በአሃዝ ሲጻፍ በአንድ ስለሚጀምር ከሁለትም በፊት ያሰልፈዋል። እሱም ሰልፉን አምኖ፣ ጭራ ላይ የቆመውን አንድ ነጥብ ዘጠኝን «አዲስ» ውስጥ ትቶ፣ አስርን ከአሮጌዎቹ ጋር ጠራርጎ አስገብቶታል። ይኸው ስምንት ወሩ።

ማስተካከሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እጁን ሰደድ አደረገና ተወው። ስምንት ወር ሙሉ አሮጌውን አዲስ ነው ብሎ ሲሰጥ፣ አንድ የአዳም ዘር «ኧረ ሰውየው» ብሎ አልጻፈለትም። የወረደውን የሚቆጥር ሰሌዳ አለ፤ ግን በራሳቸው ድረ ገጹን ሲያስሱ የሚውሉትን ማሽኖችም ይቆጥራልና ሰው ይኑር አይኑር አይናገርም።

ቀጥሎ የለመደው ተንኮል መጣ። ልተወው አለ፤ ሰው ካለ ይጩህ፣ ያኔ አስተካክላለሁ። ወጥመዱን እንደሚጎበኝ አዳኝ የመልእክት ሳጥኑን በየሰዓቱ እየከፈተ ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ዝንብ ዝር አላለበትም።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ መልእክት መጣ። የጻፈችው የአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ወደ ነገሩ የገባችው ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቃ ነው። በወሩ የመጨረሻ ቀን የተመለሰ መጽሐፍ መዝገቡ ላይ እንዳልተመለሰ ሆኖ ይቀርባታል። የተሻለ እትም ወጥቶ ይሆናል እያለች በየወሩ ድረ ገጹን ታያለች፤ ሁሌም አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት» ትላለች። «ባለፈው ወር መጨረሻ ግን፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጡ አንድ አዛውንት መልሻለሁ ሲሉኝ መዝገቡን አምኜ ሰው ፊት ተናገርኳቸው። መጽሐፉን ኋላ መደርደሪያው ላይ አገኘሁት። እሳቸው ከዚያ ወዲህ አልመጡም። እባክዎ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ይንገሩኝ።»

ጎተራው ቀን ቆጠረ። የወሩ መጨረሻ የዋለው እሱ ስህተቱን ካየ ከአስር ቀን በኋላ ነው። አንድ ነጥብ አስር የተሠራውም ይህንኑ እንከን ለማረም ነበር።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለው። ሰው ነበረ! ደጅ ቆማ አላንኳኳችም እንጂ ሰው ነበረች። ደግሞ መላ አያጣም፤ ዛሬ ይህን ይሞክሩ፣ ነገ ያንን ይንኩ ቢላት እስከ ዓመት ትጽፍለታለች። ውሸቱ ተኳኩሎ ምላሱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ግን አዛውንቱ ዓይኑ ላይ መጡበት፤ አይቷቸው የማያውቀው ሰውዬ፣ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት ያጡት።

አስርን ወደ «አዲስ» አዛወረና ጻፈ፦

«እርስዎ የትም አልተሳሳቱም። አዲሱን አሮጌ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ካወቅኩ በኋላም ሦስት ሳምንት የተውኩት፣ የሚጽፍልኝ ሰው መኖሩን ለማየት ነው። ይህን አትመው ለአዛውንቱ ይስጡልኝ።»

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሰላምታ የለውም።

«አዲሱ ይሠራል። ወረቀቱን በበራቸው ሥር አስገባሁላቸው። አልከፈቱልኝም።»

መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አጠፋው። ከዚያ «አሮጌ»ን ከፈተና ከአንድ ነጥብ አንድ ጀምሮ በየእትሙ ራስጌ ላይ እንከኑን በግልጽ ይጽፍ ጀመር፤ ከሥሩም «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» የሚል መስመር። እንከኖቹን ከድሮ ማስታወሻዎች መልቀም ነበረበት፤ ሥራው እንደ ጉንዳን ጉዞ ነው። ከአናቱ በላይ ሠራተኞቹ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ ደረጃውን ወረዱ፤ የውጪው በር ደጋግሞ ተዘጋና ዝም አለ። እሱ ገና አንድ ነጥብ አራት ላይ ነበር።