የላታህዋ ሊጃህ ቃል

እኛ ኬላንታን ውስጥ ላታህ፣ ሲደነግጥ አፉን መግዛት የማይችል በሽተኛ፣ የሌለበት መንደር የለም፤ የእኛ መንደር ላታህ ደግሞ እኔ ሊጃህ ነኝ። ድንገት ጎኔን ጎንተል ካደረጉኝ አፌ ያመጣውን ሁሉ እዘረግፈዋለሁ፤ ስድብ የለ፣ ብልግና የለ። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል እንጂ ማንም አይቀየመኝም። ሠርግ ሲኖር መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ለወጥ ሙያዬ እንዳይመስላችሁ።

ዋርሳዬ ዋሃብ የመንደሩ ሹም ነው። ባሌ በሞተ በዓመቱ ድንበር ገፍቶ ስድስት የዱሪያን ዛፎቼን ወሰደ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት፣ በየድግሱ ይጎነትለኛል፣ እኔም ድንበር ገፊ፣ የባልቴት ቀማኛ እለዋለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ እሱ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይስቃል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ዱሪያኔን ይበላል። አንጀቴ እርር ይላል። የበሽተኛን ቃል ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል?

የወንድሜ ልጅ ኑራይን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቦና ጀመረችና ለእረፍት መጣች። በሳምንቱ ቤተሰቡን ሁሉ በሽተኛ አደረገችው፤ አባቷ ድብርት፣ እናቷ ጭንቀት፣ ድመቷ እንኳ አልቀረችም። እኔን ስታይማ ዓይኗ በራ። ድንጋጤዬ የተማርኩት ነገር ስለሆነ መተው ይቻላል አለችኝ። ዱሪያኔ ትዝ አለኝና፣ ከዳንኩ ቃሌ ይሰማል ብዬ እሺ አልኩ።

ሁለት ወር ድንጋጤን እንድለምድ የድስት ክዳን መሬት ላይ ስትጥል ከረመች። መጀመሪያ ከጓሮ፣ ቀጥሎ ከደጅ፣ በመጨረሻ ከጆሮዬ ሥር። ዝም ካልኩ ጣፋጭ ታጎርሰኛለች። እዚህ አገር ኮኮናት አውራጅ ዝንጀሮ የሚሠለጥነው እንዲሁ ነው። ምን ላድርግ፣ በላሁ፣ ወፈርኩ፣ ዳንኩም።

የዋሃብ ልጅ ሠርግ ላይ ሳህን ይዤ ሳልፍ ሰውዬው እንደልማዱ ከኋላ መጥቶ ጎነተለኝ። ሰው ሁሉ ለመሳቅ ተሰናዳ። እኔ ሳህኑን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ "ዋሃብ፣ ስድስቱ ዛፎች የእኔ ናቸው። ድንበሩን የገፋኸው አንተ ነህ" አልኩት።

ማንም አልሳቀም። የዋሃብ ፊት አመድ መሰለ። እኔን ስታክም የከረመችው ኑራይን መሆኗን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰውዬው ወደ እሷ ዞረ።

"ያው በሽታዋ ነው አይደል፣ ልጄ?"

ኑራይን እሱን አየች፣ እኔን አየች። ፈራች፤ የፈራችው ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጤነኛ ሰው ሹምን በአደባባይ ቢወነጅል አይማርም።

"አዎ፣ ገና አልዳነችም" አለች።

ሳቁ ድንኳኑን ሞላው። ዋሃብ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልጅቷን ልቆጣት አልቻልኩም፣ ግን ልቤ ተሰበረ።

ቆሜ ጠበቅኳቸው። ማንም አልጎነተለኝም። ከዚያ ያንኑ ቃል ከመጀመሪያው ደገምኩት፤ የትኛውን ዛፍ ባሌ እንደተከለው፣ ለየትኛው እኔ ውሃ እንደቀዳሁለት፣ አንድ በአንድ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ የሚስቀው ዋሃብ ብቻ ነበር።