የአንድ ሴንቲ ሜትር ወሬ

ይትባረክ በስብሰባው መሀል ኪሱ ውስጥ የሚንጫጫውን ስልክ ለማፈን ሲታገል፣ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ንግግራቸውን አቋረጡ።

“ደግሞ ምን ሆነ?”

“ጀልባ አልፋ ነው።”

ምን ያድርግ! ለፋብሪካው ውሃ በሚሳብበት የጣና ዳር ጉድጓድ ላይ ከፍታውን በሬዲዮ የሚልክ መለኪያ የተከለው እሱ ነው። ውሃው አንድ ሴንቲ ሜትር በተለወጠ ቁጥር መልእክት እንዲልክ ያዘዘውም እሱው። ጣና ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ጀልባ ባለፈ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ውሃው ይናወጣል፤ መለኪያውም ይለፈልፋል። አምስት ዓመት ይቆያል የተባለው ባትሪ በሁለት ወር አለቀ።

“አሁን የገባው የመጨረሻው ባትሪ ነው” አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። “እሱ ካለቀ ወይ ፓምፑ ከተቃጠለ የሙከራ ጊዜህን እዚህ አትጨርስም።”

ይትባረክ ከስብሰባው ወጣና፣ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ካልተለወጠ ትንፍሽ እንዳይል መለኪያውን አዘዘው። በዚያው እጁ የፓምፕ ጠባቂውን የጋሽ አምባቸውን ጥሪ ድምፅ አጠፋ። እሳቸውም ያው ናቸው፤ ጉማሬ ብቅ ሲል ይደውላሉ፣ ዓሣ አጥማጆች ሲጣሉ ይደውላሉ። ተመስገን! ሁለት ቀን ሙሉ ምሳውን እንደ ሰው በላ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው ቧንቧ ደረቀ። ስልኩን ቢያይ ከመለኪያው ምንም የለም፤ ከጋሽ አምባቸው ግን ሰባት ጥሪ! “አለቀልኝ” እያለ በባጃጅ በረረ።

ጋሽ አምባቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው እምቦጭ ይጎትታሉ።

“ጋሼ፣ ፓምፑስ?”

“አጠፋሁት። እምቦጩ ከሐይቁ ውሃ የሚገባበትን የጉድጓዱን አፍ ዘጋው። ውሃው በጣት በጣት ሲወርድ ደወልሁ፣ ደወልሁ፤ አላነሣህም!”

ይትባረክ ለካ። ሃያ ስምንት ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ትንሽ ደግሞ ቢወርድ ኖሮ ፓምፑ አየር ስቦ ይቃጠል ነበር፤ መለኪያው ግን ሠላሳ አልሞላም ብሎ ዝም። ጥፋቱ የማን ነው? የራሱ! አፍሮ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

“ማዕበል ሲመጣ ግን ደውለውልኝ አያውቁም።”

“ማዕበል ይመለሳል። ለሚመለስ ነገር ማን ይደውላል? አራት ጣት ወርዶ አልመለስ ካለ ነው እንጂ።”

“ለጉማሬውስ?”

“ጉማሬው ሌላ ነው” አሉ ቆጣ ብለው።

ይትባረክ እዚያው ላፕቶፑን ከፈተ። አራት ጣት፣ ስምንት ሴንቲ ሜትር፤ ያውም ወርዶ አሥር ደቂቃ ሳይመለስ ከቆየ ብቻ መልእክት እንዲልክ መለኪያውን አዘዘው። ቀጥሎ ስልኩን አወጣና የጋሽ አምባቸውን ጥሪ ድምፅ መለሰ።

ሲመለስ ባጃጁ አስፋልት ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ። አነሣው።

“ልጄ፣ ጉማሬው ወጣ!”

“እሺ ጋሼ” አለ ይትባረክ፤ “ወዴት እየሄደ ነው?”