ካርቱም ወይስ ናይሮቢ

የጭነት መኪናው ሾፌር ጀቤሳ ደብዳቤውን የሰጣት የመኪናውን ጎማ የሚፈትሽ መስሎ አጎንብሶ ነው። ባህሪያ ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ከኋላቸው ተሸካሚዎች ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ቡና ይጭናሉ።

«ከባልሽ ነው» አላት ቀና ሳይል። «ስምንት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቃል ንገሪኝ፤ ካርቱም ወይም ናይሮቢ። ድንበር አሻጋሪው አዲስ አበባ ላይ የሚጠብቀው እኔን ነው።»

ባህሪያ ጅማ ባለው የቡና መጋዘን ለቃሚ ሆና ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏ ሙሐመድሳኒ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ከተማ አስተማሪ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ሲወሰዱ፣ ልጃቸው ረሺዳ አርባ ቀኗን ሳትጨርስ፣ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ሱዳን ገባ። ባህሪያ ለቀበሌ «ሞቷል» ብላ ተናገረች። ይኸው እስከ ዛሬ፣ እስከ 1978፣ በመዝገብ ላይ ባል የሞተባት ናት።

ለተቆጣጣሪዋ አማቷን እንዳመማቸው ነግራ ወጣች። ውሸት አልነበረም። እመት ዙቤይዳ ከሦስት ዓመት በፊት ጭቃ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። የምታገላብጣቸውም የምታጥባቸውም እሷ ነች። «ልጄ እንዳይሰማ፤ እዚያ ሆኖ ምን ሊያደርግልኝ ነው?» ብለው ስላስማሏት በአንዱም ደብዳቤ አልጻፈችለትም።

ቤት ስትደርስ አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተኝተዋል። ረሺዳ ትምህርት ቤት ናት።

«ምነው በጠዋቱ መጣሽ፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ?»

«ከሙሐመድሳኒ ደብዳቤ መጣ፣ ሃርሜ» አለች ባህሪያ፤ አማቷን «እናቴ» የምትላቸው በኦሮምኛ ነው።

«አልሐምዱሊላህ። በሩን ዝጊና አንብቢልኝ።»

ባህሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታነብ ጀመር። ሰውየው እንደ አስተማሪነቱ ሁሉንም በተራ ጽፎታል። «ካርቱም የምሠራበት ማተሚያ ቤት ያውቁኛል። አንድ ክፍል በወር በሰባ ፓውንድ ይገኛል። ውሃ በአህያ እየመጣ ይሸጣል። ዳቦ ርካሽ ነው፤ ግን ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ወዲያው ያልተሰለፈ አያገኝም። ናይሮቢ ደሞዙ እጥፍ ነው ይላሉ። ነገር ግን ለክፍል ብቻ አራት መቶ ሽልንግ ይጠየቃል፤ ትምህርት ቤቱ ለብቻ፣ አውቶቡሱ ለብቻ። ወረቀት የሌለው ደግሞ ለፖሊስም ይከፍላል። አየሩ እንደ ጅማ ነው አሉ፤ ካርቱም ሙቀቱ ለልጅ ይከብዳል። ደምሬ ቀንሼ አየሁት። በወር ሁለት መቶ ፓውንድ ካርቱም ላይ...» አለችና ቆም ብላ፣ «ለአራታችን ይበቃናል» ብላ ጨረሰች።

«አራት አላለም» አሉ አሮጊቷ።

«ብሏል፣ ሃርሜ።»

«ሙሐመድሳኒ ሲቆጥር አይሳሳትም። ሦስት ነው ያለው። እኔን የት አደረገኝ?»

ባህሪያ መስመሩን ፈልጋ አነበበችላቸው። «እናቴ ደዶ ያለችው እህቷ ዘንድ ትቆይ፤ ከዚህ እየላክሁ አልረሳትም። አንቺ ምረጪ። የመረጥሽበት ቦታ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ።»

አሮጊቷ ጣሪያውን እያዩ ጠየቁ።

«እህቴ ከሞተች ስንት ዓመት ሆናት?»

«አምስት።»

«እሱንም አልጻፍንለትም።»

«አታስደንግጪው ስላሉኝ ነው እኮ።»

«ብያለሁ። የትኛው ነው የሚረክሰው?»

«ካርቱም።»

«እንግዲያው ካርቱም በይው። ልጅቱም አባቷን ትወቅ። እኔን ብርሃንነሽ ታየኛለች።»

ብርሃንነሽ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ ሆስፒታል ልብስ ታጥባለች። «ብርሃንነሽ እኮ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው» አለች ባህሪያ።

«ታዲያ ጠዋትና ማታ ታየኛለቻ።»

ባህሪያ ወደ ደብዳቤው ተመለሰች። «እጠብቃችኋለሁ» የሚለውን ቃል ለብቻዋ ደግማ አነበበችው። መሄድ ፈልጋለች። ከመጋዘን እስከ ቤት ስትመጣ ደብዳቤውን ሳትከፍት እንኳ ልብስ በልቧ ስትመርጥ ነበር፤ የረሺዳን ሹራብ፣ የራሷን ሁለት ቀሚስ። ዳቦ ለመግዛት በጨለማ መሰለፍ ምኗም አይደለም።

ቀና ስትል የአማቷ ግንባር በላብ ርሷል። ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

«ምነው? አመመዎት?»

«ምንም አልሆንኩ። ሂጂ፣ ሰዓትሽ እንዳያልፍ።»

«ሽንትዎ ነው?»

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ሳቡ።

«ሃርሜ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብርሃንነሽ እስክትገባ፣ እስከ ማታ እችል እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳያዞሩ።

ባህሪያ ብርድ ልብሱን ገልጣ፣ እጇን በጀርባቸው አሾልካ አነሳቻቸው። አንሶላው ርሶ ነበር። አጠበቻቸው፤ አንሶላውን ቀየረች፤ አገላብጣ በግራ ጎናቸው አስተኛቻቸው። ከዚያ ባህሪያ ከረሺዳ አሮጌ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ገንጥላ ወጣች።

መጋዘኑ በር ላይ ስትደርስ ጀቤሳ ሞተሩን አስነስቷል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እህ? ካርቱም ነው ናይሮቢ?» አላት።

«ትንሽ ታገሰኝ።»

ወረቀቱን የመኪናው በር ላይ አስደግፋ ጻፈች፦ «እናትህ ከወደቁ ሦስት ዓመታቸው ነው። አይነሱም። እኔ ነኝ የማነሳቸው። የደዶዋ አክስትህም ሞታለች። እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር። ሒሳቡን እንደገና ሥራው።» አጥፋ ሰጠችው።

ጀቤሳ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ይሄ ደርሶ መልስ እስኪመጣ ወራት ነው። አሻጋሪው አይጠብቅሽም፤ በአንቺ ቦታ ሌላ ይዞ ይሄዳል።»

«ይሂድ» አለች ባህሪያ። «አንተ ይህቺን አድርስልኝ።»