ከድንቢጥ የቀረችው ቅንጣት

ልብስ ሰፊዋና ተመራማሪው ሐኪም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አላፊ አግዳሚው ምን እንዳገናኛቸው ለመገመት ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር። እሷ ሙሉ ሰውነት ያላት፣ ሳቋ ከደጅ የሚሰማ፣ አፏ ከመቀሷ የሚቀድም ሴት ናት፤ ደንበኛ ስትለካ የደረቱን ስፋት ከትዳሩ ወሬ ጋር አብራ ትወስዳለች። እሱ ቀጭን፣ ጎንበስ ያለ፣ አንድ ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ነው። እሷ በዓይኗ መጥና ትቆርጣለች፤ እሱ መቶ ጊዜ ለክቶም "ገና ነው" ይላል። "ይሄ ሰው 'እሳት ተነሣ' ብሎ እስኪጨርስ ቤቱ አመድ ይሆናል" እያለች ታማዋለች፤ የምታማውም ፊት ለፊቱ ነው።

ያገናኘቻቸው ድንቢጥ ናት። ድንቢጥ የልብስ ሰፊዋ የመጨረሻ ልጅ ነበረች፤ ሌላ ስም ቢኖራትም ደቃቃና ቅልጥፍጥፍ በመሆኗ ቤተሰቡ በዚህ ቅጽል ይጠራት ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆናት ፊቷ ሞላ፣ ሆዷ ወጣ፣ እግሮቿ ድንቡሽቡሽ አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ "ልጅሽ አማረባት፣ ሥጋ ገዛች" ሲላት፣ እናት ደስ ብሏት የትምህርት ቤት ልብሷን ወገብ ፈትታ አሰፋችው። በሳምንቱ ደግማ ፈታችው። ለሦስተኛ ጊዜ ልትፈታ ስትል ወደ ውስጥ የታጠፈው ትርፍ ጨርቅ አለቀ። ያን ዕለት ነው የልጅቷን ቁርጭምጭሚት በጣቷ ስትነካው ሰርጎድ ብሎ የቀረው። ሥጋ የመሰላቸው ነገር ውኃ ነበር። ኩላሊቷ ለሰውነቷ ማስቀረት የሚገባውን ከሽንቷ ጋር እያፈሰሰው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ድንቢጥ አረፈች።

"ቀድማ ብትመጣም የበሽታው ዓይነት አይለወጥም ነበር" ብሎ ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሯታል። ሌላውን ሁሉ ታምነዋለች፤ ይህን ብቻ አላመነችውም።

ከሐዘኑ በኋላ ልብስ ሰፊዋ በሕፃናት ክፍል የተዋወቀቻቸውን እናቶች ሰብስባ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋመች። ቦርሳና ሽርጥ እየሰፉ ይሸጣሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ይጠናሉ፤ የተገኘውም የሕፃናትን የኩላሊት በሽታ ለሚያጠናው ምርምር ይውላል። "አልጋና መድኃኒት የሚሰጥ ደግ ሰው አይጠፋም፤ እኛ የምንሰጠው 'ለምን?' ለሚለው ጥያቄ ነው" ትላለች። ሐኪሙ ያን ጊዜ ጀማሪ ተመራማሪ ነበር፤ ትልልቆቹ ለጋሾች "ውጤቱ መቼ ይታያል?" እያሉ በር ዘግተውበት ነበር። ስለዚህ ከማኅበሩ ጋር በተዋዋለ ጊዜ፣ እናትየው በገዛ እጇ የጨመረቻትን መስመር አይቶ እንዳላየ አለፈ፦ "የድንቢጥ ናሙና ተሠርቶበት እንዳያልቅ፤ የመጨረሻዋ ቅንጣት አትነካ።" ሌሎቹ እናቶች ለመከልከል አንጀታቸው አልቻለም። እሱም፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ፈረመ።

ናሙናዋ ድንቢጥ ሐኪም ቤት በገባችበት ዕለት፣ አንድም መድኃኒት ሳትወስድ፣ ከኩላሊቷ በመርፌ የተወሰደች ቅንጣት ናት። ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። አርባ አንድ የሚል ቁጥር በተለጠፈባት ትንሽ ቱቦ ውስጥ፣ ማኅበሩ በገዛው ትልቅ ማቀዝቀዣ ተቀምጣለች። እናትየው በየዓመቱ በልጇ የልደት ቀን እየሄደች ትጎበኛታለች። የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ በሩን ትከፍትላታለች፤ ነጭ ጉም ትንፍስ ይላል፤ እሷም ጉሙ እስኪሳሳ ቆማ ትመለሳለች። አንድ ዓመት ለማቀዝቀዣው ወፍራም ልብስ በልኩ ሰፍታ፣ ጥጥ ጠቅጥቃበት አመጣች። ሠራተኛዋ ልትስቅ አልደፈረችም።

"እትዬ፣ ብርዱ ያለው እኮ ከውስጥ ነው። ካለበስነው ሞተሩ ይቃጠላል።"

በራሷ እየሳቀች ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ግን ለቅሶ ያዛትና መውረጃዋ አለፋት።

ድንቢጥ በሞተች በስምንተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሐኪሙ ሳይቀጠር ልብስ ስፌት ቤቷ መጣ። የተንጠለጠሉትን የደንብ ልብሶች በትከሻው ላለመንካት እየተሽሎከለከ ገባ።

"ምነው ዶክተር? ሱሪ ጠበበህ እንዳልል ከዓመት ዓመት ትከሳለህ።"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ስለ አርባ አንድ ነው፣ እትዬ።"

እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሣች። "ስም አላት።"

"ስለ ድንቢጥ ነው። ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው ብዬዎት የለ?"

"ብለኸኛል። ወንፊቱ ለምን እንደሚቀደድ ነው የማታውቀው።"

"አሁን አንድ የጠረጠርኩት ነገር አለ። የሌሎቹ ልጆች ናሙና ግን መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ የተወሰደ ነው፤ መድኃኒቱ የምፈልገውን ምልክት ያጠፋዋል። መድኃኒት ያልነካው የእሷ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ቆንጠር አድርገህ ውሰዳ።"

"ከዚህ በፊት ቆንጥሬያለሁ። የቀረችው ለአንድ ምርመራ ብቻ ነው የምትበቃው።" ወለሉን አየ። "ከዚያ በኋላ ምንም አይቀርም።"

"ሌላ ልጅ ፈልግ።"

"ሁለት ዓመት ፈለግሁ።"

መቀሷን አነሣች፤ የምትቆርጠው ስላልነበረ መልሳ አስቀመጠችው። "ይድናሉ? ልጆቹ?"

"አላውቅም። ጥርጣሬዬ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ልክ ቢሆንም መድኃኒት እስኪገኝ ዓመታት ይፈጃል።"

"አንተ ሰው፣ ትንሽ እንኳ መዋሸት አትችልም?"

"ለእርስዎ አልችልም። ፊርማዬም አለ፤ እምቢ ካሉ አልነካትም።"

"በል ሂድ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው" አለችው። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

በማግስቱ የልደት ቀን ሳይሆን ወደ ላቦራቶሪው ሄደች። ሠራተኛዋ ምንም ሳትጠይቃት በሩን ከፈተችላት። ጉሙ ሳስቶ ካለቀ በኋላም ብዙ ቆመች። ስትወጣ እግሯ ወደ መውጫው መሄዱን ትቶ ደረጃውን ያዘ፤ ከልጇ ሞት ወዲህ ረግጣው ወደማታውቀው ወደ ሕፃናት ክፍል ወጣች። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አንዲት ወጣት እናት ጥንድ የሕፃን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

"የእርስዎም ልጅ እዚህ ነው የተኛው?"

"ሴት ልጅ ናት። ታች ናት" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አፏ እንደ ልማዱ ቀድሟት።

"ታችም ያስተኛሉ እንዴ? እዚያ ምን እያደረጉላት ነው?"

የልብስ ሰፊዋ ዓይን ወጣቷ ጭን ላይ ያለው የሕፃን ጫማ ላይ አረፈ።

"ምንም" አለች። "እያስቀመጧት ነው።"

ወጣቷ አልገባትም፤ ቢሆንም ለይሉኝታ ራሷን ነቀነቀች። "እግዜር ይማርልዎ። የእኔን ልጅ አበጠ ብዬ ሳመጣው ኩላሊቱ ነው አሉኝ። ለምን ብላቸው አይታወቅም ይላሉ። ጠዋት ጠይቄ ማታ እጠይቃለሁ፤ ሰው ሲለዋወጥ ምናልባት አንዱ ያውቅ ይሆናል ብዬ።"

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ወሬ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስትነሣ የወጣቷን እናት ትከሻ ብቻ ጨበጥ አደረገች።

እሑድ ምሳ ላይ ቤተሰቡ ተሰበሰበ፤ አናጢው ባሏ፣ የበኩር ልጇና አማቷ። ገበታው ግማሽ እስኪደርስ ልብስ ሰፊዋ ቃል አልወጣትም።

"ይሄ ዝምታ ደግ አይደለም" አለች አማቷ። "ወይ አሞሻል፣ ወይ ሰው ሰድበሽ መጥተሻል።"

"ሁለቱም አይደለም፣ እማማ። የምነግራችሁ ነገር አለ። እንድትመክሩኝ አይደለም፤ ወስኛለሁ።"

ሐኪሙ ያላትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ልጇ ጉርሻውን ከአፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠ።

"እና ምንም አይቀርም?" አለ ባሏ።

"ምንም።"

"ስንት ዓመት ሙሉ 'ልጄ እዚያ አለች' ስትይ ኖረሽ።"

"ስል ኖርኩ።"

"ከንቱ ቢቀርስ፣ እማዬ?" አለ ልጇ። "ራሱ አላውቅም ብሎሽ የለ?"

"ከንቱ ሊቀር ይችላል። ጥርጣሬው ስሕተት ከሆነ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሐኪም በዚያ መንገድ አይደክምም። ለዚህም ቢሆን ትዋል።"

አማቷ የዓይኗን ጥግ ጠረገች። "እኔ በዚህ እርጅናዬ ሁለተኛ ቀብር አልችልም።"

"ቀብር አይደለም፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን ልበለው?"

ባሏ ዳቦውን በጣቱ እየፈረፈረ ወደ እሷ አላየም፤ ፍርፋሪው ከፊቱ ተከመረ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ነገ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ። ያቺን መስመር እኔው እንደጻፍኳት እኔው እሰርዛታለሁ። ማኅበሩም ሥራውን ይቀጥላል። ቱቦዋን ከማቀዝቀዣው ሲያወጧት እዚያ እቆማለሁ፤ ሦስታችሁም አብራችሁኝ ትቆማላችሁ።"