አርባ ስምንት ወይም ባዶ

በር የሠራ ሰው ዘግቶ ካላየው አያምንም። እኔም ዘጋሁት።

ክፍሉን የሠራሁት ለአማቼ ነው። መጽሐፍ ጮክ ብሎ እያነበበ ይቀዳል፤ ሰዎች ይገዙትና መንገድ ላይ ያዳምጡታል። እኔ በእጄ ኖሬ፣ ልጄን በአፉ ለሚኖር ሰው መስጠቴን ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሳሎናቸው ጥግ ላይ ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል አቆምሁለት። ግድግዳዋን ድርብ ጣውላ አድርጌ መሐሉን በሱፍ ጠቀጠቅሁት። የበሩን ዙሪያ ጎማ አለበስሁት። የቀረኝ የውስጥ እጀታና የጣሪያው አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ነበር።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ድምፅ ሊሞክር ገባ። እኔ ሳሎን ካለው ስፒከር አጠገብ ቆሜ ላዳምጥለት ተስማማን። ቆምሁ። ከስፒከሩ ምንም አልመጣም። ገርበብ ካለው በር ጭንቅላቱን አወጣ።

"አልሰሙኝም፣ አባባ?"

"ምንም።"

እስቲ ልየው ብዬ ገባሁ። የበሩን ጠርዝ ይዤ ከኋላዬ ሳብሁት። ግጥም ብሎ ተዘጋ። ደስ አለኝ።

አማቼ በሩን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

"እጀታውስ?"

"ቦርሳዬ ውስጥ።"

"ቦርሳውስ?"

በጣቴ ወደ በሩ ጠቆምሁት። ሳሎን ነው።

በትከሻው ገፋ። "ራስህን አታድክም" አልሁት፤ "እኔ የሠራሁት ነው።" ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን እርሳስ እጀታው በሚገባበት ቀዳዳ ከትቼ አዞርሁት። ተሰበረ። ማጠፊያዎቹ በውጭ በኩል ናቸው። ስልክ ከአዲሱ መሣሪያ አጠገብ ሲሆን ቀረጻ ያበላሻል ስለሚል፣ የእሱም የእኔም ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ቀርተዋል። አብረን ጮህን። ሱፉ ዋጠው።

"ድምፅ አታወጣም ብለውኝ ነበር" አለ።

"አታወጣም።"

"እጅዎ ይባረክ።"

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። አስም አለበት። የሚስበው መድኃኒት ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኮቱ ወንበር ላይ፣ ወንበሩ ሳሎን። አየር የሚገባበትን ስንጥቅ ሁሉ ደግሞ እኔው በጎማ ደፍኜዋለሁ።

ልጄ ለምሳ መጥታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ግን ከበሩ በላይ ቀይ መብራት አለ። እሱ ከበራ በሩን አትነካም፣ አትጣራም፣ ቤት ውስጥ በጫፍ እግሯ ነው የምትሄደው። መኝታ ቤት ይቀዳ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን ሳታስብ ገብታ ረጅም ንባብ ስላበላሸችበት ራሷ ያወጣችው ሕግ ነው፤ መብራቱን ወደዚህ ያዛወርሁት እኔ ነኝ። የመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ በውጭ በኩል ነው፤ በርቷል።

"ቦርሳዬን ስታይ አትጠይቅም?"

"ዕቃ ሊገዙ የወጡ ይመስላታል።"

የቀረን ክፍሏ ውስጥ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ ከማይክ ድምፅ የሚቀበለው ሳጥን ብቻ ነበር። ከእሱ የወጣው ገመድ ግድግዳውን በስቶ ሳሎን ካለው ስፒከር ጋር ይገናኛል። አማቼ ደረቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ማይክ ቆንጥጧል። ሽቦዋ ወደ ሳጥኑ ይገባል።

"ታዲያ ለምን ዝም አለች?"

"ኃይል አላገኘችም። እሷ የምትፈልገው አምስት ቮልት ገደማ ነው። ሳጥኑ ያለው አርባ ስምንት። ሳጥኑ ላይ ያለችውን ይቺን ቁልፍ ከተጫንሁ አርባ ስምንት፣ ካልተጫንሁ ባዶ።"

"መካከል የለውም?"

"የለውም። እስካሁን በስልኬ ነበር የምቀዳባት፤ ስልኩ ልኳን ይሰጣታል። ከሳጥኑ ጋር ስትሆን የሚቀንስላት ማገናኛ አለ፤ እሱ ሳሎን፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቸኩዬ ያገኘሁትን ሰካሁ።"

"ገጥሟል እኮ።"

"እንደ በርዎ ነው፣ አባባ። ገጥሟል።"

የሚገባኝ ነው።

"አርባ ስምንቱን ብትሰጣትስ?"

ማይኳን በእጁ ሸፈናት። "ትቃጠላለች። የያዝሁትን መጽሐፍ ግማሹን ያነበብሁት በእሷ ነው። በሌላ ብቀጥል ድምፄ ይለያል፤ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ ጉልበቴ ጉልበቱን ይነካዋል። ክፍሉ ሞቀ። ጉሮሮው ማፏጨት ጀመረ። እንዳይናገር በእጄ ምልክት ሰጠሁት። በአፉ የሚኖረው ሰው ዝም ሲል የትንፋሹን ፉጨት ብቻ እሰማ ነበር።

ከዚያ የክፍሏ አምፖል ደከመ።

የዚያ ቤት መስመር ደካማ ነው። ምድጃ ሲበራ አምፖሉ ሁሉ ይደበዝዛል።

"መጣች" አልሁ።

ተነስተን በሩን ደበደብን፣ ጮህን። ምግቧን እያሞቀች ነው። መብራቱ ሲመለስ ምድጃውን አጥፍታለች ማለት ነው፤ ጎርሳ ትወጣለች፤ እስከ ማታ አትመጣም። የአማቼን ከንፈር አየሁት። ቀለሙ ጥሩ አልነበረም።

"ማይኳ ስትቃጠል ትጮሃለች?" አልሁት።

"እሷ አትጮህም።" ትንፋሽ ሰበሰበ። "ቁልፉ ሲጫን ግን ስፒከሩ ዷ ይላል። ለዚያ ነው መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱ የሚባለው።"

"ቀንሰኸዋል?"

"ለእርስዎ ብዬ እስከ ጫፍ ከፍቼዋለሁ።"

"ማይኳን ነቅለህ ብትጫነውስ?"

"ባዶ ቀዳዳ አይጮህም።"

መብራቱ ተመለሰ። ደምቆ ተመለሰ።

ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። ማይኳን አንድ ጊዜ አያትና ተጫነው። ሳጥኑ ላይ አረንጓዴዎቹ መብራቶች እስከ ላይ ዘልለው ወደቁ። ማይኳ ጭስ አላወጣች፣ አልሞቀች፤ ያው እንደነበረች ናት። ጠበቅን። በሩ አልተከፈተም።

አንድ ጊዜ ዷ ማለቱ ምን ይነግራታል? ዕቃ ወደቀ ብላ ታልፈዋለች።

እጁን ገፋ አድርጌ ቁልፉን ራሴ ያዝሁት። ልጄ ትንሽ ሳለች ጀምሮ በሯን የማንኳኳው በአንድ መንገድ ነው። ሁለቱን ፈጠን፣ ቆየት ብዬ አንድ። ሌላ ሰው እንዲያ አያንኳኳም። ቁልፉ ሲበራም ሲጠፋም አረንጓዴዎቹ ይዘልላሉ። ሁለት። አንድ። ደግሜ ሁለት፣ አንድ። ምን እንደሚሰማ አላውቅም፤ የማየው መብራቶቹን ብቻ ነው። አማቼ ጭንቅላቱን ጣውላው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ አላቆምሁም።

በሩ ተከፈተ። አየሩ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ልጄ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ አንድ እግሯ ጫማ፣ አንዱ ባዶ።

"አባዬ! በስፒከር ታንኳኳለህ እንዴ?"

"ኮቱን" አልኋት።

የባሏን ፊት አየችና ሮጠች። መድኃኒቱን ደጋግሞ ሳበ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። እሷ እጁን ይዛ መሬት ተቀመጠች።

"ልወጣ ነበር እኮ! ቀዩ በርቶ ነበር!"

ተነስቼ ቀዩን አጠፋሁት።

ትንፋሹ ሲመለስ ማይኳን ከሸሚዙ ፈታ፣ ስልኩ ላይ ሰካት፣ ስሙን ተናገረባት። መልሶ አዳመጠ። ጸጥታ። ሽቦዋን በጣቱ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ፣ ከዚያ ከሚቀንሰው ማገናኛ አጠገብ አስቀመጣት።

"ከመጀመሪያው ነው እንግዲህ" አለ።

"ረጅም ነው?"

"ረጅም ነው፣ አባባ።"

ምሳ ብላ አሉኝ፤ አልበላሁም። እጀታውን ገጠምሁ። ውጭ ሆኜ ሞከርሁት፣ ውስጥ ሆኜ ሞከርሁት። ከዚያ መሰላል ይዤ መጣሁና በጣሪያው ላይ አንድ ክብ በእርሳሱ ስባሪ አሰመርሁ።

አማቼ ከታች ቀና ብሎ አየ። "ሰፋ፣ አባባ። የመንገዱ ጩኸት ይገባል።"

"ይግባ" አልሁትና መሰርሰሪያውን አነሳሁ።