ወንበሩን ፍለጋ

ኮማንደሩ በሥልጠናው መክፈቻ ላይ ሁለት የማበረታቻ ቃል ተናግሮ ይወጣል ሲባል፣ መድረኩ ላይ ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ። «የኢንተርኔት ወንጀል መመርመር ልትማሩ ነው የመጣችሁት አይደል? ለመለማመጃ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ይሄን ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ» አለ።

ስልኩ ላይ የሚታየው «ወንበሩ» የሚባለው ገጽ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ፖሊሶች አንድ ሳይቀሩ ገጹን ያውቁታል፤ አንድ ሳይቀሩም ስሙን ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው ፊታቸውን አኮሳተሩ። ወንበሩ ማለት የኮማንደሩ የቢሮ ወንበር ነው። አንድ ስሙን የደበቀ ሰው በወንበሩ አንደበት ሆኖ፣ ስለሚሸከመው አለቃ እየጻፈ ከተማውን ሲያስቅ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ አለቃዬ ስለ ንቃት ስብሰባ መርተው ሲመለሱ እላዬ ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። እኔ ግን ዓይኔን ሳልከድን ዋልኩ። ከሁለታችን አንዳችን ሥራ ላይ መሆን ነበረብን።»

«ያገኘሁት ቀን» አለ ኮማንደሩ፣ «ማዕረጉን ገፍፌ በዚያ በር አስወጣዋለሁ።»

የሚፈለገው ሰው በዚያው በር አጠገብ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

ባልደረቦቹ ይሄን ሳጅን «ሐውልት» ይሉታል። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ቀልድ ሲነግሩት «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ የቀልድ ጠላት የት ይገኛል? ዕድሜውን የጨረሰው የጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነው፤ ጉልበቱም ከእንግዲህ መቆም በቃኝ ካለው ቆይቷል። ከዚህ ሥልጠና የሚመረጡት አምስት ሰዎች አዲስ በሚከፈተው የምርመራ ክፍል እንደሚመደቡ ሲሰማ፣ ሳጅን ሆዬ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ጠረጴዛ በሕልሙ ሳይቀር ይመጣበት ጀመር። አሁን ግን ጠረጴዛውን ለማግኘት ራሱን መያዝ ሊኖርበት ነው።

አሠልጣኟ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ሰው የምታስደነግጥ ወጣት ናት። ኮማንደሩ እንደወጣ ወደ ሠልጣኞቹ ዞረች። «ቀልድ መጻፍ ወንጀል መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ለመልመጃ ግን አይከፋም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማንንም ስልክ፣ የማንንም መስመር አንነካም። ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ነው የምናየው።»

ሳጅኑ በሆዱ ተመስገን አለ። ማንም የሚያየውን አይተው ምን ሊያገኙ ነው?

ትምህርቱ ሲጀመር ልቡ ወደደው። ነገሩን ከሌሎቹ ቀድሞ ይይዝ ነበር። የወንጀል ምርመራው ኢንስፔክተር፣ ስንቱን ኪስ አውላቂ በአንገትጌው ይዞ ያመጣ ትልቅ ሰው፣ ለልምምድ የተሰጠውን ስልክ የይለፍ ቁጥሩን እገምታለሁ ብሎ የራሱን የልደት ቀን፣ ቀጥሎ የባለቤቱን፣ ቀጥሎ የታርጋ ቁጥሩን ሲሞክር ስልኩ ጭራሹኑ ተቆልፎ ቁጭ አለ። «ኤግዚቢቱን ገደሉት» አለችው አሠልጣኟ። «የተያዘ ስልክ አይነካካም። ከኔትወርክ ይለያል፣ ይታሸጋል፣ የነካው ሰው ሁሉ ይመዘገባል። ምርመራው የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው።» ሳጅኑ ይሄን ሁሉ ባማረ እጅ ጽሑፉ ስለጻፈ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረገ።

ችግሩ የመጣው የወንበሩን ጽሑፎች አንድ በአንድ መመርመር ሲጀምሩ ነው። ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ ሲያነብ ደግሞ የክስ መዝገብ የሚያሰማ ነው የሚመስለው። የንቃቱን ስብሰባ አንብቦ ጨረሰና መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ አሁን ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለ። «ወንበር ዓይን የለው፣ ምን ይከድናል? የሚጽፈው ሰው ፈዛዛ ቢጤ ነው።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን ጨበጠ። ሲሰድቡት የማይከፋው፣ ጉልበትህ ዛገ ሲሉት የማይሰማው ሰው በዚህች ብቻ ደሙ ፈላ። «ፈዛዛ ቢጤ» የሚለውን ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይጽፈው አለፈ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ነገሩ ባሰበት። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእራት በኋላ ስልኳን ይዛ ትቀመጥና ወንበሩን ታነብለታለች። ከጽሑፉ ይልቅ ሳቋ ረዘም ይላል፤ እንባዋን በሜትሯ ጫፍ ትጠርጋለች። «ምን ዓይነት ሰው ይሆን ግን? ቤቱ ውስጥ እንዴት ይስቁ ይሆን!» ትላለች። ሳጅኑ ሳህኑን ያያል። እነግራታለሁ ብሎ ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጥሞታል፤ ፈርቶ ነው። በመጀመሪያ የፈራው ወሬው እንዳይወጣ ነበር። እያደር ግን ሌላ ፍርሃት መጣ፤ ወንበሩን የምትወደውን ያህል እሱን እንደማትወደው ቢያውቅስ?

በሥልጠናው ሁለተኛ ሳምንት ሽቅርቅሩ ኮንስታብል እጁን አወጣ። ይሄ ልጅ የሸሚዙን አንገትጌ ሳያስተካክል ሌባ የማያባርር ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ፎቶ አጉልቶ አሳየ። ወንበሩ ባለፈው ዓመት «የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ» ብሎ የለጠፈው ነው፤ የመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የእንጨት መጫወቻ ወንበር።

«ወንበሯን ተዉአት። መጋረጃውን እዩት» አለ ሽቅርቅሩ። «ከአራት ዓይነት ቁራጭ ጨርቅ ነው የተገጣጠመው። እንዲህ ያለ መጋረጃ ሱቅ ውስጥ አይገኝም።» ቀጥሎ የአንድ ልብስ ስፌት ቤት ገጽ ከፈተ። ያው መጋረጃ እዚያ አለ፤ ከሥሩም «ለራሴ ቤት የሠራሁት፣ አይሸጥም» የሚል ተጽፎበታል።

ሽቅርቅሩ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «የጋሼ ሐውልት ባለቤት ስፌት ቤት ነው» አለ።

ሳጅኑ በቃ፣ አለቀልኝ ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኢንስፔክተሩ ግን ጠረጴዛውን መታ። «ወንበሩ የሚቀልድበትን ሱሪ የምታሰፋላቸውም እሷ ናት! የኮማንደሩን ወገብ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ሴትየዋ ናት ወንበሩ።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉ መርማሪ አንዱ እንኳ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሌላም ሰው ይኖራል ብሎ ወደ ሳጅኑ ጠርጠር አድርጎ አላየም። እንዲያውም ሽቅርቅሩ ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረገ «አይዞህ ጋሼ፣ አንተ በምን ታውቃለህ» አለው።

እፎይ ማለት ሲገባው ሳጅኑን ቅር አለው።

አሠልጣኟ ብቻ አልተደሰተችም። «ያገኛችሁት መጋረጃ ነው እንጂ ጸሐፊ አይደለም። በዚያ መስኮት አጠገብ ስንት ሰው ሊቀመጥ እንደሚችል ጠይቃችኋል?» ብትልም የሚሰማት አልተገኘም፤ ወሬው ኮማንደሩ ጆሮ ገብቶ ነበር። በመጨረሻ ሴትየዋ በፈቃዷ ከመጣች፣ ለክፍሉ የቃል አቀባበል ልምምድ ይሁን ተብሎ ተስማሙ። ሽቅርቅሩ እስከ ስፌት ቤቷ ሄዶ በጨዋ ደንብ ጋበዛት።

«ነገ አትምጪ» አላት ሳጅኑ እራት ላይ።

«ለምን?»

እንደ ልማዱ ሳህኑን አየ። እሷም ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

በማግስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች መጣች። ኮማንደሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሠልጣኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሳጅኑ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ ወንበሩ የሚባለውን ገጽ ያውቁታል?»

«ሳላነበው አልተኛም።»

«የሚጽፈውንስ ሰው?»

ባለቤቱ ወደ ሳጅኑ አየች። ሳጅኑ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። እሷም ወደ ኮማንደሩ ዞረችና «እኔ ነኝ» አለች።

ነገሩ ለሳጅኑ ገባው። ሚስቱ የምታደርገውን ታውቃለች፤ ፖሊስ አይደለችምና የሚገፈፍ ማዕረግ የላት፣ ኮማንደሩም ሱሪውን ሌላ ሰፊ ጋር ከመውሰድ በቀር ሊያደርጋት የሚችለው ነገር የለም። ማዕረጉም ይተርፍለታል፣ ጠረጴዛውም እጁ ይገባል። ከእሱ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ሙያው ነው።

«እስቲ» አለ ኮማንደሩ ጥርሱን ነክሶ፣ «ስለ ንቃት ስብሰባው የጻፉትን ይድገሙልኝ።»

«እሱማ» አለች ባለቤቱ ገና ሳትጀምር እየሳቀች፣ «አለቃው ተኙ። ወንበሩም አብሯቸው ተኛ።»

ሳጅኑ ከንፈሩን ነከሰ።

«ይሄው ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ። «የሱሪውስ?»

«ሱሪያቸው ሰፋ፣ ስለዚህ ወንበሩ ጠበባቸው። እንደዚህ ነገር ነው።»

ከግድግዳው ሥር አንዱ «አያስቅም እኮ» ሲል ተሰማ። ይሄኔ ሳጅኑ ብድግ አለ። ማንም አላዘዘውም፣ እሱም ለመነሳት አላሰበም።

«ወንበሩ አልተኛም» አለ። «ወንበሩ ከተኛማ ቀልዱ ሞተ! እሳቸው ተኝተው ወንበሩ ነቅቶ ነው የዋለው፣ ከሁለታቸው አንዱ ሥራ ላይ መሆን ስላለበት። የሱሪውም እንደዚያ አይደለም። ‹የአለቃዬ ሱሪ ለሦስተኛ ጊዜ ስፌት ቤት ሄዶ ሰፍቶ መጣ። እኔ ግን ያው ድሮ የተሠራሁትን ያህል ነኝ፤ እኔን ማን ስፌት ቤት ይውሰደኝ?› ነው የሚለው። ሁለት ቀን አስቤበት የጻፍኩትን…»

እዚህ ላይ የሚናገረውን ራሱ ሰማው። የሽቅርቅሩ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስታው ነበር፤ ምድር ግን ጸጥ ብላ አየችው።

አሠልጣኟ ፈገግታዋን በመዳፏ ሸፍና «ቃሉ ይመዝገብ» አለች። የሚመዘግበው ራሱ ነበርና ሳጅኑ ተመልሶ ቁጭ አለና የገዛ ቃሉን ባማረ እጅ ጽሑፉ ጻፈ።

ኮማንደሩ ቀበቶውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። በመጨረሻ «ሦስተኛ አይደለም፤ ሁለተኛ ነው» አለ።

«ሦስተኛ ነው ኮማንደር» አለች ባለቤቱ በትሕትና። «የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ከየት እንደተጀመረ አይታወቅም፤ ወደ ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ግን ጠረጴዛውን ተደግፎም መቆም አቃተው። ኮማንደሩ ሳጅኑን ሊያባርረው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን የስንብት ደብዳቤ ምክንያት ይጠይቃል፤ ምክንያቱ ሲጻፍ ደግሞ ሱሪው፣ እንቅልፉና ወንበሩ ማኅተም ተመቶባቸው መዝገብ ቤት ሊገቡ ነው። ስለዚህ ገጹ ዛሬውኑ እንዲዘጋ፣ ሳጅኑም ከአዲሱ ክፍል ዕጩዎች ተሰርዞ ወደ በሩ እንዲመለስ አዘዘ። ጠረጴዛው እንዲህ ሆኖ አመለጠው። ሳጅኑ ገጹንም እዚያው፣ ሁሉም እያዩት፣ በገዛ ጣቱ ዘጋው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ባለቤቱ ቀድማው ትራመድ ነበር። ሳጅኑ በጠረጴዛው ነገር የተናደደች መሰለው። በራቸውን ከፍተው ሲገቡ «የዚያን ሱሪ ነገር ለማን ነበር የነገርኩት?» አለችው።

«ለእኔ።»

«ላንተ ብቻ። ከዚያ በሳምንቱ ወንበሩ ላይ አነበብኩት።» ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ያኔውኑ ነው ያወቅሁህ። በየማታው ጮክ ብዬ የማነብልህ እስቲ አሁን ይነግረኛል ብዬ ነበር። ዛሬም እኮ ቀልድህን ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት፤ ይሄ ሰውዬ ለእኔ እንኳ ባይናገር ለቀልዱ ይናገር እንደሆነ ብዬ። ያንን ሁሉ ሳቅ ለአለቃህ ስታወጣ፣ ለእኔ ሳህን ታያለህ።»

እውነቷን ነው፤ አንጀቱን በላችው። ቢቸግረው ጊዜ እዚያው ቆሞ አንድ ቀልድ ሊነግራት ሞከረ። ስለ ኢንስፔክተሩና ስለ ታርጋ ቁጥሩ ነበር። መሀሉ ላይ ጠፋበት፣ ከመጨረሻው ጀመረው፣ ላብ አጠመቀው።

«አያስቅም» አለች ባለቤቱ።

«አውቃለሁ።»

ስልኩን ከኪሱ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችና ወደ መኝታ ቤቱ ገፋ አደረገችው። «ግባና ጻፍልኝ። ለእኔ ብቻ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ ሰዓት ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ ላከላት። «እኔ የዚህ ቤት የእራት ወንበር ነኝ። እላዬ ላይ የሚቀመጠው ሰው፣ ሚስቱ ስትስቅ ፊቱን ድንጋይ ያደርጋል። ከታች ግን እግሩ በደስታ ሲርገፈገፍ ብሎኖቼ እየላሉ ነው። ወይ ይናገር፣ ወይ አናጺ ይጠራልኝ።»

ከወዲያኛው ክፍል ያ ረጅሙ ሳቋ መጣ፤ ሳጅኑም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ማኮሳተር ሳያስፈልገው ሰማው።

«ሌላ ጻፍ» አለችው በግድግዳው በኩል።